ማር የሰጠሁበት ወረቀት

እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ማሩ ነው።

ወረቀቱን የጻፈው ሰው ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር። ማኅተም የመታበት ሊቀ መንበርም ዘመኑ ሲያልፍ ከተማውን ለቆ ሄዷል። በእነሱ ላይ የነበረኝን ንዴት በጸሎት ቀስ በቀስ አውርጄዋለሁ። ማሩ ግን አልወርድልሽ አለኝ። ከአባቴ ቀፎ የመጣ፣ ለልጄ ሳል ብዬ ያስቀመጥኩት ነጭ ማር ነበር። በገዛ እጄ በጣሳ ሞልቼ፣ በኮባ ቅጠል ከድኜ፣ ቀበሌ ድረስ ወሰድኩና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ሰጠኋቸው።

ልጄን በሁለት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት። ሲለቃት እግሮቿን ይዞ ሄደ። ባለቤቴ በጊምቢ በኩል የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ስለሚሠራ በሁለት ወር አንዴ ነበር የሚመጣው። ልጄን የማዝላት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ በእጆቿ ትሄዳለች፤ ከደጅ ስንወጣ ጀርባዬ ላይ ናት። ጉራጌው ባለ ሱቅ ጎረቤታችን አንድ ቀን መዳፎቿ ተልጠው ቢያይ፣ ለልጁ የጠበበውን ኮንጎ ጫማ አምጥቶ በእጆቿ አጠለቀላት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ጫማ የምታደርገው በእጇ ሆነ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነቀምቴ ሲደርስ፣ ማንበብ የማይችል ሁሉ በየቀበሌው እንዲማር ታዘዘ። የእኛ ቀበሌ የመማሪያ ቦታ የጸሎት ቤታችን ነበር። የቀበሌው ሰዎች ዘግተው ቁልፉን ከወሰዱት ዓመት አልፎታል። መስቀሉን ከግድግዳው አንሥተው በቦታው የሦስት ጺማም ሰዎች ሥዕል ሰቅለዋል። መስቀሉ የነበረበት ግን ነጣ ብሎ ከሥዕሉ ጀርባ ይታይ ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹን አልነኳቸውም። እኔ ፊደል የጀመርኩት ከተዳርኩበት መድረክ አራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ያልገባች ስለሆነች እሷም ትምጣ ተባለ። አንድ ሳምንት አዝያት ሄድኩ። ክረምት ነው፤ ጭቃው እግር ይይዛል። ገና በበሩ ስንገባ ልጆቹ "ባለ አራት እግሯ መጣች!" ይላሉ። የሚያስተምሩት ወጣቶችም ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ። በስምንተኛው ቀን ቤት ተውኳት። ይሄኔ የቀበሌው ሱቅ "ከቤትሽ የሚቀር ሰው አለ" ብሎ ሳሙናና ጨው ከለከለኝ።

የቀበሌው ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁልጊዜ ብርድ የመታው የሚመስል ቀጭን ሽማግሌ ነው።

"ልጅሽ ምን ሆና ነው የማትመጣው?"

"እግር የላትም ጌታዬ። ይቅር በሉልኝ።"

ጥቂት አሰበና ጻፈ። ሊቀ መንበሩ ሳያነበው ማኅተም መታበት። "በቃ ነፃ ናት። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅሽም" አለኝ ጸሐፊው። "ጣትሽን።" አውራ ጣቴን ቀለም ላይ ጫን አድርጌ አተምኩ። ምን እንደተጻፈበት አልጠየቅኩም። በቃል የማውቀው ከጸሎት ሌላ የገበያ አማርኛ ብቻ ነበር፤ በጽሑፍማ ከነጭራሹ አላውቅም። በማግስቱ ማሩን ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ባለቤቴ ከሚያነበው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ከመዝሙረ ዳዊት መካከል አኖርኩት። በረከት ነው ያልኩት።

እኔ መማሬን ቀጠልኩ። የፊደሉን መጽሐፍ ይዤ ስገባ ልጄ በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

"ሃርሜ፣ ዛሬ ምን አመጣሽ?"

እኛ ዘንድ ልጅ እናቱን ሃርሜ ነው የሚለው። ያመጣሁትን አሳያታለሁ። ግማሹን መንገድ ላይ ረስቼው ስለምመጣ መጽሐፉን ነጥቃኝ እሷ ትፈልገዋለች። ዓመት ሳይሞላ ቀድማኝ ሄደች። ባለ ሱቁ በርበሬ የሚጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ እየለቀመች ታነባለች። እኔ ተሳስቼ ሳነብ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየሁ ልጄ ተማረች ብዬ አላሰብኩም። ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ወረቀቱ ነፃ ናት ብሏላ! ዓይኔ ካየው ይልቅ ማንበብ ያልቻልኩትን ወረቀት ነበር ያመንኩት።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በነሐሴ መጨረሻ አንዲት ሴት በራችንን አንኳኳች። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ሱሪ የለበሰች፣ ዕድሜዋ ከኔ የሚያንስ። ከክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት የመጣች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንደሆነች ነገረችኝ። የሸዋ ሰው ናት፤ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤት ተከራይታለች። ሥራዋ አካለ ስንኩላን ያሉበትን ቤት እየዞሩ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ የሚባለው እንደዚያ ነበር፤ አካለ ስንኩላን።

ወንበር አቀረብኩላት። አልተቀመጠችበትም። ልጄ መሬት ላይ ምስር ስትለቅም አየቻትና እዚያው አጠገቧ ዝርፍጥ ብላ ቁጭ አለች። ከሰፌዱ ምስር አንሥታ አብራት መልቀም ጀመረች።

"ዕድሜሽ ስንት ነው?" አለቻት።

"ዘጠኝ ነው" አልኩ እኔ።

"እርስዎን ኋላ እጠይቅዎታለሁ፣ እትዬ። አሁን ከእሷ ጋር እያወራሁ ነው።"

በገዛ ቤቴ! ያን ጊዜ ነው ንዴቴ የጀመረው።

"ምን መሥራት ትወጃለሽ?"

"ጋዜጣ" አለች ልጄ።

"ጋዜጣ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"አነበዋለሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?"

ሴትየዋ ሳቀች። "እውነትሽን ነው። የት ነው የምትማሪው?"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። "ነፃ ናት" አልኩ።

"ከምን?"

"ከትምህርት። ወረቀት አለን።"

ይህን ስል ኮርቼ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን ከሣጥን አወጣሁና ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

"እትዬ፣ ማንበብ ተምረዋል?"

"ተምሬአለሁ። ምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል።"

"እንግዲያው ያንብቡት።"

ካስቀመጥኩት ቀን ጀምሮ ገልጬው አላውቅም። የጸሐፊው እጅ የተጠላለፈ ነው፤ አንዱን ቃል ይዤ ሌላውን ስፈልግ ልጄ በእጆቿ መጥታ በጉልበቴ ላይ አንገቷን አሰገገች። እኔ ሦስተኛው ቃል ላይ ሳለሁ እሷ ጨረሰችው።

"'በአካሏ ጉድለት ምክንያት መማር የማትችል መሆኗን እናቷ ስላመለከተች…' ሃርሜ፣ ይሄ ስለ ማን ነው?"

ከሥሩ የኔ አውራ ጣት አለ።

"ስለ ማን ነው፣ ሃርሜ?"

በሴትየዋ ላይ ጮህኩ። ማን ላከሽ፣ ቤቴን ልታፈርሺ ነው ወይ የመጣሽው፣ ውጪልኝ አልኳት። ተነሥታ ሱሪዋን አራገፈች።

"እወጣለሁ። ግን የትምህርት ቤት ምዝገባ የፊታችን ሰኞ ያበቃል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ይጠይቃል። ይህ በመዝገብ እያለ ቀበሌው አይጽፍላትም። ነገ ጠዋት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።"

"አልመጣም!"

"እጠብቅዎታለሁ" ብላ ሄደች።

ያን ዕለት ምሳ አልቀመስኩም። ተንበርክኬ ልጸልይ ሞከርኩ፤ ከአፌ የወጣው ጸሎት ሳይሆን ስድብ ነበር። ጌታ የሚሰማውን ያውቃል። ልጄ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ይዛ ከጥግ ተቀመጠችና ደጋግማ አነበበችው፤ ስሕተት እንደሚፈልግ አስተማሪ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሊቀ መንበሩ ቆመን እንድናወራ አደረገን። ድምፀ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሳቁ ግን ከሌላው ሰው ቁጣ ይብስ ነበር።

"ልጅቷ ታነባለች ጓድ ሊቀ መንበር" አለችው። "ይህ ወረቀት ይሰረዝላት።"

"የቀበሌ መዝገብ ቀሚስ መሰለሽ እንዴ፣ ጠበበኝ ተብሎ የሚተረተር?" አለና ሳቀ። "ደግሞ እናቷ ናት ያመለከተችው። ይኸው ጣቷ። አዴ፣ ጣትሽ አይደለም?" አዴ እኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው።

"ጣቴ ነው" አልኩ።

"አየሽ? ለማንኛውም እሑድ ለስብሰባው ትቅረብ፤ ሰፊው ሕዝብ ይየው።"

የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነበር፤ ልክ ድሮ አምልኮ የምንጀምርበት ሰዓት ላይ። ሰዓቱ እንዲሁ የተገጣጠመ አልነበረም።

እሑድ ሴትየዋ ቀድማ ቤታችን መጣች። ልጄን አጥቤ፣ ፀጉሯን ሠርቼ፣ ማዘያውን ጀርባዬ ላይ እያስተካከልኩ ነበር።

"እትዬ፣ አይዘሏት።"

"ምን?"

"በራሷ ትግባ። አዝለዋት ከገቡ ሰው የሚያየው እርስዎን ነው።"

"ጭቃውን አታዪም?"

"አያለሁ።"

"ይስቁባታል!"

"ይስቁ ይሆናል።"

"አንቺ ወልደሻል?"

"አልወለድኩም።"

"እንግዲያው ወልደሽ ነይና አስተምሪኝ!" አልኩና ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ሴትየዋ ከኋላዬ ተከተለች። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ይሰማኝ ነበር፤ ያም ጭምር አናደደኝ።

ከጸሎት ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ልጄ ጆሮዬ ላይ "ሃርሜ፣ አውርጂኝ" አለች። ያልሰማሁ መሰልኩ። "አውርጂኝ እኮ ነው የምልሽ! ጫማዬን አድርጌአለሁ።"

አወረድኳት።

በሁለቱ ረድፍ ወንበሮች መካከል ገባች። የኮንጎ ጫማዋ በሳንቃው ወለል ላይ ጧ ጧ ይላል። ይሄ ሁሉ ሰው ልጄን ከጀርባዬ ላይ አንገቷን ብቻ ሲያይ ነው የኖረው። አሁን ሙሉዋን አያት። አንድ ሁለት ልጆች ሊስቁ ጀምረው ማንም ስላላገዛቸው ተዉት። እኔ ከኋላዋ ስሄድ እጆቼን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ለዘጠኝ ዓመት ሥራ አልፈታሁም ነበር።

"አንባቢዋ ይቺ ናት?" አለ ሊቀ መንበሩ።

ልጄ ወረቀቱን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ አነበበች። ጥርት አድርጋ፣ "መማር የማትችል" እስከሚለው፣ ከዚያም እስከ ማኅተሙ።

"በቃልሽ አስጠንተውሽ ነው!" አለና ከፊቱ ካለው ክምር አንድ ደብዳቤ መዘዘ። "እስቲ ይሄን። ትናንት ነው የደረሰን።"

ልጄ ደብዳቤውን መሬት ላይ ዘርግታ ጀመረች። "'ጉዳዩ፦ የችግኝ ተከላን ይመለከታል። በአካባቢያችሁ ያለውን…'" ቀስ እያለች ትሄዳለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። "'የኢም… የኢምፔ… የኢምፔሪያ…'"

"አያችሁ!" አለ ሊቀ መንበሩ።

ጉራጌው ጎረቤቴ ከኋላ ተነሣ። "ኦቦ ሊቀ መንበር፣ በልጅቷ አይፍረዱ። በዚያች ቃል እኮ እርስዎም ባለፈው እሑድ ሦስት ጊዜ ተደናቅፈዋል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጄም ሳቀች። ሊቀ መንበሩ ግን፣ ያ ሁሌ የሚስቀው ሰው፣ አልሳቀም። ጠረጴዛውን መታ።

"ታነባለች፤ እሺ። ነገር ግን ቀበሌው ጽፎ፣ አትሞ ሰጥቷል። ቀበሌው ተሳስቷል ልትሉን ነው?"

ጸጥ አለ። ሴትየዋ ከጥግ ብድግ አለች።

"አዎ፣ ተሳስቷል። ማንም ልጅቷን ሳያያት ነው የተጻፈው።"

የዚያን ዘመን ሰው ካልሆኑ ያ ጸጥታ ምን እንደነበር አይገባዎትም። ሊቀ መንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ "የጓዷ ንግግር ይመዝገብ" አለ። እሱ "ይመዝገብ" ያለው ሰው ምን እንደሚገጥመው የማናውቅ አልነበርንም። ደግሞም ነገ ሰኞ ነው።

ተነሣሁ። እኔ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ የማላውቅ ሴት ነኝ።

"ቀበሌው አልተሳሳተም" አልኩ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ግለ ሂስ ላድርግ።"

ግለ ሂስ ማለት በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋትን መናዘዝ ነው። ሰው እየተገደደ ነበር የሚያደርገው። እኔ ለምኜ አደረግኩት። ሊቀ መንበሩ ፊቱ ፈታ አለ፤ መውጫ በር ስለሰጠሁት።

"ቀጥዪ፣ አዴ።"

"እኔ እናቷ፣ ልጄ መማር እንደምትችል እያወቅኩ አትችልም ብዬ ቀበሌውን አሳስቻለሁ።"

"እትዬ፣ ውሸት ነው! አይበሉ!" አለች ሴትየዋ። ወደ እሷ አላየሁም። ያየሁት ከሥዕሉ ጀርባ የነጣውን ግድግዳ ነው። በዚያ ቤት ለእግዚአብሔር ብዙ ኃጢአት ተናዝዤአለሁ፤ ሁሉም እውነተኛ ኃጢአት ነበር። በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ያልሠራሁትን ስናዘዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እግር የላትም አልኩ እንጂ አእምሮ የላትም መች አልኩ? ለግለ ሂስ ይጨበጨባል፤ ደንብ ነው። አብረውኝ ይዘምሩ የነበሩ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው አጨበጨቡ።

ጸሐፊው እዚያው አዲስ ወረቀት ጻፈ። ከለመደው የተነሣ "ጣትሽን" አለኝ።

"እስክሪብቶ ስጠኝ" አልኩት። "መጀመሪያ ግን ላንብበው።"

አዳራሹ ሙሉ ሰው ተቀምጦ እኔ አነበብኩ። ብዙ ፈጀብኝ። ማንም አላጣደፈኝም። "እናቷ በሰጠችው የሐሰት ቃል ምክንያት ከትምህርት የቀረች ቢሆንም ማንበብ የምትችል መሆኗ ስለተረጋገጠ" ይላል። የሐሰት ቃል የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ።

ሰኞ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወረቀቱን አይቶ ከመነጽሩ በላይ ተመለከተኝ።

"ልጅሽን እስካሁን ያስቀረሻት አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"እናት ነኝ ትያለሽ ደግሞ!"

ልጄ "አይደለችም፣ እሷ እኮ…" ብላ ስትጀምር ትከሻዋን ጨበጥኩት። ሴትየዋ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ራሴን ነቀነቅኩባት። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ያልኳትን ሰማች። ዲሬክተሩ ልጄን መዘገበ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ኃጢአት ነው። የአንደኛ ክፍል መማሪያ መወጣጫ ደረጃ ያለው ቤት ነበርና ከዲሬክተሩ ጋር ስትሟገት ሰንብታ ክፍሉን ደረጃ ወደሌለው ቤት አዛወረችው። ለልጄ ምርኩዝ የሚሆነውን ልክ ራሷ ለክታ አናጢ ዘንድ ወሰደች። የመሬቱ ርጥበት እንዳይነካት ብላ ለልጄ ከፍ ያለ መቀመጫ አሠራች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልጄን በምርኩዝ ታስኬዳት ነበር፤ ስትወድቅ አታነሣትም። እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ።

በጥቅምት ወደ ሲሬ አዛወሯት። በዚያ እሑድ ምክንያት ነው ያሉ አሉ፤ እኔ እርግጡን አላውቅም። ልትሰናበት ስትመጣ "ሲሬም ልጆች አሉ፣ እትዬ" አለችኝ። እኔ ወሬ አልችልበትም። "ውጪልኝ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ" ማለት ነበረብኝ። "መንገዱ ጭቃ ነው፣ ተጠንቀቂ" አልኳት።

የኅዳር ማር ሲቆረጥ አባቴ ላከልኝ። ጣሳውን ሞልቼ በኮባ ቅጠል ከድኜ፣ በሲሬ ለሚያልፈው አውቶቡስ ረዳት "ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ አድርስልኝ" ብዬ ሰጠሁት። አሁን ማሩ የሚገባው ሰው ዘንድ ደረሰ ብዬ ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ።

በሳምንቱ ረዳቱ ጣሳውን እንደ ሞላ መለሰልኝ። ክዳኑ ሥር ቁራጭ ወረቀት አለ። ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ብቻዬን አነበብኩት።

"እትዬ፣ ለዚህ ማር አይሰጥም። የልጅዎ ነው፤ እሷ ትብላው።"

እንዴት እንደተናደድኩባት! ምስጋና የማይቀበል ሰው አይቼ አላውቅም። ጣሳውን እንዳቀፍኩ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ለጌታ ከሰስኳት፤ ከዚያም ስለ እሷ አመሰገንኩት፤ ሁለቱም በአንድ ጸሎት ነው የወጣው። ልጄ በምርኩዟ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል አየኋት። ደብተሯ በአንገቷ ተንጠልጥሏል፤ ጭቃ ላይ ቆማ ታርፋለች፣ ደግሞ ትነሣለች። ሄጄ ላዝላት ተነሣሁ። መልሼ ተቀመጥኩ።

እስክትደርስ ቆይቼ ማሩን ከፈትኩላት።